የልጅ ውሃ

እትዬ ቱሜ ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ ልጃቸው ሎኮ ናት። ስልኩ ሲጠራ እኔ ሐዋሳ ቤቴ ውስጥ ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ነበር። የባለቤቴ እህት ልታገባ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ሠርጉ ላይ አበባ የሚበትኑት ሕፃናት ሁሉ ፀጉራቸው በክሬም ተለስልሶ ጀርባቸው ላይ እንዲወርድ ተወስኗል ተባለ። ማን ወሰነ? እኔ እንጃ። ብቻ ተወስኗል። የልጄ ፀጉር የኔ ነው፣ የኔ ደግሞ የአባቴ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ማበጠሪያ ሰባሪ። "እማዬ፣ እኔ ብቻ ልቅር?" ብላ ስታለቅስ አንጀቴን በላችውና እሺ ብያት፣ ለማግስቱ ፀጉር ቤት ቀጠሮ ይዤላት ነበር። እኔ! ከሰው ሁሉ እኔ!

ሎኮ ወሬ አታስረዝምም። "አዮ ዛሬ ጠዋት አረፈች፤ ከቻልሽ ነይ" አለችኝና ዘጋችው። ባለሁበት ቁጭ አልኩ። ልጄ ለቅሶዋን አቋርጣ ማን እንደሞተ ጠየቀችኝ። ስለ እትዬ ቱሜ ለዚህች ልጅ አንድ ቀን እንኳ ነግሬያት አላውቅም። እንዴት ያለሁ ሰው ነኝ? ቀጠሮውን ሰረዝኩና በማግስቱ በጠዋቱ መኪና እናቴንም ልጄንም ይዤ በቦሬ በኩል ወደ ነጌሌ ወረድኩ። እናቴ መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።

እትዬ ቱሜ የነጌሌ ፀጉር ሠሪ ነበሩ። እኛ የካምፕ ልጆች፣ የወታደር ልጆች ማለቴ ነው፣ እትዬ ቱሜ እንላቸዋለን፤ የአገሩ ልጆች በኦሮምኛ አዮ ቱሜ፣ እማማ ቱሜ እንደማለት፣ ይሏቸዋል። ቤታቸው ከገበያው ወደ ካምፑ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ቆርቆሮ ቤት ናት። በሩ ላይ ሰዓሊው የሳላት ሴት ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ይወርዳል፤ ዓይኖቿ ግን አንዱ ወደ ገበያ፣ አንዱ ወደ ካምፕ ነው የሚያየው። ሰው ሲስቅባት እትዬ ቱሜ "ተዉአት፣ ሁለቱንም ደንበኛ እየጠበቀች ነው" ይሉ ነበር። ውስጥ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ ሣጥን የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን፣ ሁለት ወንበር፣ ጥግ ላይ የውሃ በርሜል። በቃ ይኸው ነው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው ስለት የሆነ ሴት ነበሩ። አማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ፤ ሲቆጡ ደግሞ ሁለቱም አይበቃቸውም። አንድ ልማድ ነበራቸው። ማንም ሴት ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ፣ ማበጠሪያ ከማንሳታቸው በፊት መዳፋቸውን አናቷ ላይ ያሳርፉና ትንሽ ዝም ይላሉ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ናጋ እያልኩት ነው። ሰው ቤት ሲገቡ ሰላም ይባል የለ?" አሉኝ። ከርዳዳ ፀጉር ያላት ልጅ መጥታ ፀጉሯ ጠንካራ መሆኑን ስትናገር ደግሞ ይቆጡ ነበር። ጠንካራ አይደለም፣ ከሥር ጀምረሽ እየጎተትሽው ነው፤ አርጥቢውና ከጫፉ ጀምሪ፣ ይሉና እዚያው አስይዘው ያሳዩዋታል። የነጌሌ ቀይ አቧራ የገባበትን ደረቅ ፀጉር ከሥር ማበጠር የካምፕ እናቶች ሁሉ ጥፋት ነበር። የኔዋ እናት ዋነኛዋ።

ክሬሙን ግን የሚጠሉ እንዳይመስላችሁ። የራሳቸውም ፀጉር በክሬም የለሰለሰ ነው። ከሜጋም ከያቤሎም ሙሽሮች የሚመጡት እንደሳቸው የሚያለሰልስ ስለሌለ ነው። "እንጀራዬ ነው፣ እንዴት እጠላዋለሁ?" ይሉ ነበር። የሚጠሉት ልጅ ላይ ሲደረግ ነው። እዚያ ላይ ቀልድ የለም።

እኔ ስምንት ዓመቴ ነው። እናቴ የወሎ ልጅ ናት፣ አባቴ የጋሞ ሰው፣ የጦር መኪና መካኒክ። ቤተሰቦቿ ጋብቻውን አልወደዱትም ነበርና ነጌሌ ከመጣች ጀምሮ ደሴ ረግጣ አታውቅም። ታዲያ ያን ዓመት ታናሽ እህቷ ልታገባ ሆነና ነይ ተባለች። እናቴ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ያዛት። እሷ ፀጉሯ እንደ ሐር ትከሻዋ ላይ የሚተኛ ነው፤ እኔን ይዛ ስትገባ "ይቺ ናት ልጅሽ?" እንዳትባል ፈራች። ይህን ያኔ አላውቅም። የማውቀው ለበዓል ሁለት ቀን ሲቀረው እጄን ይዛ እትዬ ቱሜ ቤት መግባታችንን ነው።

ቤቱ ጢም ብሏል። እናቴ በለሆሳስ ልጄን አለስልሺልኝ ስትል እትዬ ቱሜ ቀና አሉና ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

"ቆዳ ማልፋት ከፈለግሽ ገበያ ሂጂ። እኔ የሰው ልጅ ነው የምሠራው።"

ሴቶቹ ሳቁ። የእናቴ ፊት ሲቀላ አሁንም ይታየኛል። አገሩን ሳትለምድ የኖረች፣ ቋንቋውን በቅጡ የማትሰማ ሴት ናት፤ ያ ሁሉ ሳቅ በእሷ ነው። እጄን ጨብጣ ወጣችና በቀጥታ የሞያሌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባች። የክሬሙ ካርቶን ላይ የምትስቅ ትንሽ ልጅ ነበረች። እኔም ሳያት ደስ አለኝ፤ እሷን የምሆን መስሎኝ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ ነው፤ እናቴ አታነበውም። የኔ ፀጉር ጠንካራ ስለሆነ ቆይቶ ነው የሚይዘው ብላ አሰበች። ሲቆጠቁጠኝ ነገርኳት፤ ትንሽ ቻይ አለችኝ። ሲያቃጥለኝ ጮህኩ፤ ትንሽ አለችኝ። መጨረሻ ላይ ደንግጣ ወደ ጀሪካኑ ስትሮጥ ከግማሽ በታች ነው ያለው። ቧንቧ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነበር። ነጌሌ የኖረ ሰው ውሃ ሳይቆጥር እሳት አይለኩስም፤ እናቴ ግን ያን ቀን ከእልኋ ሌላ የቆጠረችው ነገር አልነበረም። ውሃው አለቀ፣ ክሬሙ አናቴ ላይ እንዳለ ነው። ፎጣ ጠቅልላብኝ፣ ነጠላዋ ወድቆ፣ አዝላኝ ሮጠች። የሮጠችው ደግሞ ወደዚያው፣ ወደተሳቀባት ቤት።

እትዬ ቱሜ ፎጣውን ሲገልጡ ያወጡትን ድምፅ አልረሳውም። አንዲት ሴት ራሷን ለመታጠብ ጎንበስ እንዳለች በክንዳቸው ገፍተው እኔን አስገቡኝ። በጆግ፣ በጆግ፣ በጆግ። የበዓል ሰሞን ነውና ደንበኛ ሲታጠብበት የዋለው በርሜል ተጋምሷል። ጆጉ ታችኛውን ብረት ሲፍቅ ሰማሁት። ከዚያ በር ላይ ወጥተው "ቢሻን!" ብለው ጮኹ፤ ውሃ ማለት ነው። ጎረቤት በድስትም በማንቆርቆሪያም ያለውን አመጣ። ጠብታ በጠብታ ሆነ። በጀርባቸው አዝለው ጤና ጣቢያ ያደረሱኝም እሳቸው ናቸው። ነፍሴ ተረፈች፣ ዓይኔ ተረፈ፤ አናቴ ላይ የብርጭቆ አፍ የምታህል ቦታ ግን ፀጉር ዳግም አልበቀለባትም። ዛሬም አለች።

ደሴ አልሄድንም። ሠርጉ ያለ እኛ አለፈ።

እትዬ ቱሜ ሱቃቸውን በቀትር እየዘጉ፣ ያንን አሸዋ መንገድ በእግራቸው እየመጡ፣ ቀን አሳልፈው ቀን እቤታችን ይገቡ ነበር። ቁስሌን ያጥባሉ፣ ጤና ጣቢያ የሰጠንን ቅባት ይቀባሉ፣ ሲሽር ደግሞ እሬት ከየት ከየት ቆርጠው ያመጣሉ። የካምፑ ዘብ ለምዷቸው "አዮ፣ ልጅቷ እንዴት ናት?" ይላቸዋል። እናቴ ቡና ታቀርብላቸዋለች እንጂ ዓይናቸውን አታይም። አንድ ቀን ግን አልቻለችም፤ ጀበናውን አስቀመጠችና እያለቀሰች፣ "ነግረሽኝ ነበር፣ አልሰማሁሽም" አለቻቸው።

እትዬ ቱሜ እጃቸው አናቴ ላይ እንዳለ፣ "አልነገርኩሽም" አሉ። "አሳፈርኩሽ እንጂ መቼ ነገርኩሽ? ባላሳፍርሽ ኖሮ ቤትሽ ገብተሽ ብቻሽን አታደርጊውም ነበር።"

እናቴ ስለ ደሴ፣ ስለ ቤተሰቦቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገረች። እትዬ ቱሜ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ "ልጅሽን ጠልተሽ አይደለም፤ ሰው ፈርተሽ ነው። ያን ቀን ለምን ብዬ ብጠይቅሽ ምን ነበረበት?" አሏት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ገንፎዬን እበላለሁ፤ ልጅ አይደለሁ! በዓመቱ አያቴ ራሷ ከደሴ ነጌሌ ድረስ መጣችና ደረቷ ላይ ለጥፋኝ ስታለቅስ ዋለች። ስለ ፀጉር አንድም ሰው አላነሳም። እናቴ ያን ሁሉ የፈራችው ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እትዬ ቱሜ ሌላ ሰው ሆኑ። ምላሳቸው እንዳለ ነው፣ እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ ግን ያቺ ምላስ ትሰበሰባለች። ወንበር ይስቡላታል፣ ሻይ ያስመጣሉ፣ ምን ነገር እንደገጠማት ይጠይቃሉ። አንዷ ልጄን ትምህርት ቤት ሰደቧት ትላለች፣ አንዷ ማበጠር ሰለቸኝ ትላለች፣ አንዷ ባሌ ትላለች። ከዚያ ሕጋቸውን ይናገራሉ። ክሬም የምትፈልግ ልጅ የምትታጠብበትን ሃያ ሊትር ጀሪካን ከሰፈሩ የውሃ ቦኖ ሞልታ፣ ማንም ሳያግዛት፣ ራሷ ተሸክማ ደጃፋቸው ስትደርስ ነው የሚሠሯት። ከዚያ በፊት ሹሩባ፣ እሱንም ሳያጠብቁ። ቦኖው እንግዲህ ከሱቁ ዳገቱን ወርደው ነው የሚገኘው።

የሕፃን ጉልበት የት አባቱ! የስድስት ዓመት ልጆች ጀሪካን ሲታገሉ ማየት የሰፈሩ መዝናኛ ሆኖ ነበር። ልጆቹም ነገሩን ወደውት ክሬሙን ይረሱታል።

አንዴ አንዲት የመኮንን ሚስት አራት ዓመት ያልሞላትን ልጇን ይዛ መጣችና በጀሪካን ሕግ አልገዛም አለች። እትዬ ቱሜ አልተቆጡም። ሻይ አስመጡላት። ከዚያ ከክሬሙ በጣት ጫፍ ወስደው ከሴትዮዋ ጆሮ ጀርባ ቀቡና፣ ልጅሽ ይህን ያህል ነው የምትቆየው፣ እስቲ አብረን እንቁጠር፣ አሏት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች። ትንሽ ቆይታ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች። ሻዩን ሳትጨርስ ብድግ ብላ ወደ በርሜሉ ስትሮጥ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። እትዬ ቱሜ ግን አልሳቁም፤ የሳቁትንም በዓይናቸው ዝም አሰኙና ጆሮዋን ቀስ አድርገው አጠቡላት። ልጅቷ በሹሩባ ወጣች፣ እናትየዋም እስከምትዛወር ድረስ ደንበኛቸው ሆነች።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የማልወድላቸው። ቤታቸው ሁለተኛ በርሜል ነበረ፤ ሰማያዊ፣ ክዳኑ በገመድ የታሰረ፣ ሁልጊዜ ሙሉ። ማንም አይነካውም። አንድ የድርቅ ዓመት፣ ከተማው በውሃ ጥማት ሲንቃቃ፣ ደንበኞቻቸውን ውሃ የለም ብለው ሲመልሱ በዓይኔ አየሁ። በርሜሉ እዚያ ተገትሯል! አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ አፌ አያርፍም፤ ስስታም ናቸው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ጆሯቸው ሳይገባ አይቀርም። አንድም ቀን አልወቀሱኝም።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጀሪካኑን ከቦኖው ሞላሁና ዳገቱን ያዝኩት። ሦስት ጊዜ አሳረፍኩ፣ እጄ ተላጠ፣ ጀሪካኑ ቅልጥሜን ሲደበድበኝ መጣሁና ደጃፋቸው ላይ ዱብ አደረግኩት። እትዬ ቱሜ ጀሪካኑን አዩ፣ እኔን አዩ። ማን እንዳገዘኝ ጠየቁኝ። ማንም አልኳቸው። እኔ ስብከት እየጠበቅኩ ነበር፤ ያቺን ጠባሳ እያሳዩኝ የሚያስለቅሱኝ መስሎኝ መልስ አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። አንዲት ቃል ሳይናገሩ አስቀመጡኝ። መዳፋቸውን አናቴ ላይ አሳረፉ። ጠባሳዋን በቫዝሊን ሸፈኗት፣ ሰዓት እያዩ፣ በየደቂቃው ይቆጠቁጥሻል ወይ እያሉ ሠሩኝ። ቃላቸው ነዋ! መስታወቱን ሲያዞሩልኝ ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል።

"ቆንጆ ነሽ" አሉኝ። "ስትገቢም ቆንጆ ነበርሽ። የሰለቸሽ ቀን ተመለሺ፣ እቆርጥልሻለሁ።"

ስድስት ዓመት እንደዚያ ሆኜ ኖርኩ። ሲሰለቸኝ ሄድኩ፣ ቆረጡልኝ። ከዚያ ሐዋሳ፣ ሥራ፣ ትዳር፤ በበዓል መደወል፣ ቀጥሎም አለመደወል። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ነጌሌ ስንደርስ ቀብሩ አልፏል። ድንኳኑ ሱቃቸው ፊት ለፊት ተተክሏል፤ ያቺ ዓይነ ጠማማ ሴት ቀለሟ ተልጦ አሁንም በሩ ላይ አለች። ሎኮ የእናቷን ሥራ ከያዘች ቆይታለች። እንደ ልማዱ አልቅሰን ተቀመጥን። ትንሽ ቆይቶ ለለቅሶተኛው ምግብ የሚሠሩት ሴቶች ውሃ አለቀባቸው። የጋሪ ውሃ አልመጣም፣ ቧንቧ የለም። አንዷ ጎረቤት ወደ ጓዳ ገብታ የሰማያዊውን በርሜል ገመድ ስትፈታ ሎኮ ደረሰችና እጇን ያዘቻት።

"እሱ አይነካም። የልጅ ውሃ ነው።"

ሴትዮዋ ተቆጣች፤ እናትሽ ሞታ ምኑን ትሰስቻለሽ አለቻት። ሎኮ ገመዱን መልሳ አሰረችው። እኔ የአሥራ አራት ዓመቷ ክፉ ልጅ ሆንኩና፣ ቀስ ብዬ ይህ በርሜል ነገሩ ምንድን ነው አልኳት። ሎኮ ገርሟት አየችኝ።

"አታውቂም እንዴ? ያንቺ እኮ ነው።"

እኔ በተቃጠልኩ ሳምንት እናቷ ሁለት ፍየል ሸጠው በርሜሉን ገዙት። ያን ቀን ሙሉ በርሜል ቢኖረኝ የልጅቷ አናት ይተርፍ ነበር እያሉ ሌሊት እንቅልፍ አልነበራቸውም አለችኝ። ከዚያ ጀምሮ እየሞሉት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየቀየሩት፣ በድርቅም በበዓልም ሳይነኩት ኖሩ። እናት ቤቷ ውስጥ ቀብታ፣ ውሃ አልቆባት፣ ልጇን ይዛ ብትሮጥ መድረሻ እንዲኖራት። "ሦስት ልጆች መጥተውበታል" አለች ሎኮ፣ "ሦስቱም ምንም ሳይሆኑ ሄደዋል።" የጀሪካኑም ሕግ ያኔ እንደወጣ ነገረችኝ። እናቴ አጠገባችን ተቀምጣ ሰምታለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ስስታም ብያቸው ነበር እኮ። ሄጄ ይቅር በሉኝ የምልበት ሰው የለም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፣ ውሃ የሚቀየርበት ቀን። ሎኮ በአሮጌው ውሃ ልብስም ዕቃም አጠበች፤ በመጨረሻ ልጄን ጠርታ በተረፈው ራሷን አጠበቻት። መዳፏን አናቷ ላይ አሳርፋ ዝም ስትል እናቷን መሰለችኝ። ልጄ፣ ትናንት ሲወራ ሰምታ፣ ጠባሳሽን አሳዪኝ አለችኝ። ፀጉሬን ከፍዬ አሳየኋት፤ በጣቷ ዳሰሰቻትና ያምሽ ነበር ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ሎኮ የጀሪካኑን ሕግ ስትነግራት ተስፈንጥራ ተነሳች፤ የሞላውን ጀሪካን በሁለት እጇ ይዛ ታገለች፣ ፊቷ ቀላ፣ ጀሪካኑ ንቅንቅ አላለም። እያለከለከች ተመለሰችና ጎንበስ ብላ ተቀመጠች። "እሺ በቃ፣ ሹሩባ" አለች። ሠርጉ ላይም በሹሩባ ነው የገባችው።

በርሜሉን መሙላት ቀረ። ቦኖው ላይ ውሃ መጥቷል ተባለ። የጋሪ ሰው ልጥራ ብዬ ስወጣ እናቴን አጣኋት። አሻግሬ ሳይ ከታች፣ ዳገቱ ላይ ናት። ስልሳ ዓመት የሞላት፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ሙሉ ጀሪካን በትከሻዋ ይዛ እየመጣች ነው። ሮጬ ልቀበላት ስል በእጇ መለሰችኝ። አሳረፈች፣ ተነሳች፣ አሳረፈች፣ ተነሳች። ጓዳ ገባችና ጀሪካኑን በርሜሉ አፍ ላይ ደገፈችው። ልጄ ክዳኑን ይዛላታለች። ውሃው ባዶ በርሜል ውስጥ ሲወርድ ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ እናቴ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ዘቅዝቃ አንጠፈጠፈችው።

"ያን ቀን ይቺ አንዷ ብትኖረኝ" አለች።

ከዚያ ባዶውን ጀሪካን አንስታ ወደ ቦኖው ተመለሰች።